ተቀባይ፣ አሻጋሪ ወይስ አመላላሽ?

ጥያቄ፦ የሕክምና ማስተማሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በአንጀትና በመተንፈሻ አካላት የውስጥ ሽፋን ላይ አንቲቦዲዎችን የሚያጓጉዙትን ሪሴፕተሮች (ሌላ ሞለኪውል ለይተው የሚይዙ የሕዋስ ፕሮቲኖች) «ፀረ አካል ተቀባዮች» አልኳቸው። ያስኬዳል?

መልስ፦ «ፀረ አካል»ን ይተዉት እባክዎ። በአማርኛ ከ«ፀረ» ቀጥሎ የሚመጣው ጠላቱ ነው። ፀረ ተባይ የተባይ ጠላት፣ ፀረ አረም የአረም ጠላት ነው። «ፀረ አካል» ሲሉ እንግዲህ ሰውነትን የሚያጠቃ ነገር አሉ ማለት ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ ሰውነትን የሚከላከል ፕሮቲን ነው። «ፀረ እንግዳ አካል» ይበሉ፣ ረዘመብኝ ካሉም «አንቲቦዲ» በቂ ነው።

«ተቀባይ» ስሕተት የለበትም። ግን ተቀብሎ ምን አደረገ? እነዚህ ሪሴፕተሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፣ አማርኛም ለየብቻ ግሥ አለው።

አንደኛው ከሽፋኑ ሕዋስ ጀርባ፣ ወደ ሰውነት ውስጥ በዞረው ገጽ ላይ ይቆማል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተያያዘ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለ የአንቲቦዲ ዓይነት ሲመጣ ይይዘዋል፤ ለመያዝ ግን ጥንዱን የምታስተሳስረው «ጄ ሰንሰለት» የምትባል ትንሽ ፕሮቲን መኖር አለባት። ከዚያ ሪሴፕተሩና አንቲቦዲው አብረው በትንሽ ከረጢት ውስጥ ሆነው ሕዋሱን አቋርጠው ማዶ ይወጣሉ። ማዶ ሲደርሱ አንድ ኢንዛይም ሪሴፕተሩን ይቆርጠዋል! ከሕዋሱ ውጪ የነበረው፣ 5 እጥፋት ያለው ክፍሉ ከአንቲቦዲው ጋር እንደተጣበቀ ዝልግልጉ ፈሳሽ ውስጥ ይቀርና ፕሮቲን ከሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ያሻግራል፣ አይመለስም። ስለዚህ «አሻጋሪ» ነው የምለው። «ሻገረ» ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር መሄድን እንጂ መመለስን አይነግረንም።

ሁለተኛው ሪሴፕተር «ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ» የተባለውን ሌላ የአንቲቦዲ ዓይነት ይይዛል። ሥራው በአሲድ መጠን ነው የሚመራው፦ ሕዋስ ውስጥ ባለ አሲዳማ ከረጢት፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 በታች ሲሆን አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ገጽ ወጥቶ 7.4 አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። ለቅቆ ደግሞ ባዶውን ይመለሳል፣ ሌላ ይይዛል። ሽፋኑን በሁለቱም አቅጣጫ ያሻግራል፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ጽንስ የሚያደርሰውም እሱ ነው። አንቲቦዲውን ከመፈጨት እያዳነ ወደ ደም ስለሚመልሰው ነው የኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ ግማሹ እስኪያልቅ 3 ሳምንት ያህል የሚፈጀው። ለዚህ «አሻጋሪ» ያንሰዋል። «አመላላሽ» ነው ልኩ። «ሰበረ» «ሰባበረ» እንደሚሆን፣ «መለሰ»ም መካከለኛዋን «ለ» በመድገም «አመላለሰ» ይሆናል፤ ድግግሞሹ ራሱ ሄዶ መመለስን ይናገራል። ሠራተኛ አመላላሽ የምንለውን መኪና ያስቡት።

ሁለቱን በአንድነት ሲጠሩ «አጓጓዥ ተቀባዮች» ይበሉ። በየራሳቸው ሲመጡ ግን «የአንቲቦዲ አሻጋሪ ተቀባይ» እና «የአንቲቦዲ አመላላሽ ተቀባይ» ብለው ይለዩዋቸው፤ መጀመሪያ ሲጠቅሷቸው ብቻ «ሪሴፕተር» የሚለውን አጠገቡ ይጻፉለት።