የአየርላንድ ተጓዦች ገበሬ ቤት ለምን ይሄዱ ነበር?

ወንድሜ፣ የአየርላንድ ተጓዦች (ከቦታ ቦታ እየዞሩ ይኖሩ የነበሩ የአገሩ ማኅበረሰብ ናቸው) ድሮ የገበሬውን በር የሚያንኳኩት ለልመና ብቻ ነበር ወይ ብለሃል። በጭራሽ! ልመናም ነበረ፤ ዋናው ግን ሥራ ነው። ወንዱ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። የወተት ባልዲና ጣሳ ይሠራል፣ የሚያፈስ ድስት ይደፍናል። ፈረስም ይነግዳል። ሴቷ ደግሞ ቅርጫቷን አንጠልጥላ በየደጁ መርፌ፣ ክር፣ ማበጠሪያ ትሸጣለች። ክፍያው ሁልጊዜ ገንዘብ አልነበረም። ድንች፣ ዱቄት ወይም ወተት ይሰጧታል። ወሬም ከመንደር መንደር የሚያደርሱት እነሱ ነበሩ። ሁሉም ገበሬ እጁን ዘርግቶ ይቀበላቸው ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ የሚጠራጠራቸውም ብዙ ነበር።

ሙዚቃውንማ ተወው! ጆኒ ዶራን የሚባለው ተጓዥ በየገበያው እየዞረ ባግፓይፕ (የአየር ከረጢት ያለው የሙዚቃ መሣሪያ) ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቀዳው ጨዋታው ዛሬም ይደመጣል። እባክህ ፈልገህ ስማው።

ፕላስቲክ ሲመጣ የቆርቆሮው ሥራ ገበያ አጣ። ብዙዎቹም ወደ ከተማ ዳርቻ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ አኗኗራቸውን እንደ ችግር ቆጥሮ ከሌላው ሕዝብ ጋር ይቀላቀሉ አለ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። አየርላንድ ራሳቸውን የቻሉ ብሔረሰብ ናቸው ብላ ያወቀቻቸው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።