ስልክዎን ሌላ ሰው የሚይዘው ከሆነ፦ ዋትስአፕንና ቴሌግራምን ስለ መቆለፍ

በጥያቄዎ እንደገለጹት ስልክዎን ልጆችዎ ለጨዋታ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ ደግሞ አንዳንዴ ለመደወል ይወስዱታል፤ ስለዚህ ዋትስአፕና ቴሌግራም ውስጥ ያለውን መልእክት ማንም እንዳያይብዎ የሚያደርግ ጥሩ የመቆለፊያ አፕ እንድንጠቁምዎ ፈልገዋል። ከእኔ በፊት የመለሱ አባላት የበርካታ አፖችን ስም ጠቅሰዋል። እኔ ግን ከተጠቀሱት አንዱንም እንዳይጭኑ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው የሚፈልጉት ቁልፍ በራሳቸው በዋትስአፕና በቴሌግራም ውስጥ ስላለ ነው፤ ደግሞም እኔ ራሴ ተቆልፏል ብዬ ተዘናግቼ በነበረበት ጊዜ መልእክቶቼ በሌላ በኩል ክፍት እንደነበሩ ዘግይቼ ስለተረዳሁ፣ ቁልፉን ማብራት ብቻውን እንደማይበቃ ላስረዳዎ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መቆለፊያ አፖቹ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ከውጭ የሚጫን መቆለፊያ የመልእክት አፑን ከውስጥ አይቆልፈውም፤ የሚያደርገው አፑ መከፈቱን እየተከታተለ፣ ልክ ሲከፈት የራሱን የይለፍ ቃል ገጽ ከላይ መደረብ ነው። ለዚህም በሌሎች አፖች ላይ የመደረብና የትኛው አፕ ሥራ ላይ እንዳለ የማየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ከዚህ አልፎ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ፈቃድ ዐይነ ስውራንና ሌሎች አካል ጉዳተኞች በስልክ እንዲገለገሉ ለሚያግዙ አፖች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተፈቀደለት አፕ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። መልእክቴ አይነበብብኝ ብሎ ለማያውቁት አፕ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ሥጋን ለጅብ አደራ ከመስጠት አይለይም። እኔ ይህን የተረዳሁት አንዱን ጭኜ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ሲዘጋ መቆለፊያውንም አብሮ ይዘጋው ነበር፤ ሲዘጋም ምንም ምልክት አይሰጥም። 11 ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ ደግሞ ወደ ሴቲንግ ገብቶ የመቆለፊያውን ስም ከአፖች ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ «ፎርስ ስቶፕ» የሚለውን በመጫን ብቻ፣ እየሳቀ አልፎት አሳየኝ። በዚያው ቀን አጠፋሁት።

የዋትስአፕ የራሱ ቁልፍ በአይፎንም በአንድሮይድም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አለ። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቬሲ» የሚለውን ከፍተው ወደ ታች ሲወርዱ «አፕ ሎክ» የሚለውን ያገኙታል። ሲያበሩት ከወጡ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንዲቆለፍ ይጠይቅዎታል፤ በአንድሮይድ ወዲያውኑ፣ ከ1 ደቂቃ ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፣ በአይፎን ደግሞ እስከ 1 ሰዓት ይደርሳል። በእርስዎ ሁኔታ «ወዲያውኑ» ከሚለው ውጭ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ስልክዎን የሚወስዱት ሰዎች የሚወስዱት ከእጅዎ ላይ ነው፣ ምናልባትም መልእክት ጽፈው በጨረሱበት ቅጽበት። በቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፓስኮድ ሎክ» የሚል አለ። በዚያም የራስዎን ኮድ ያወጣሉ፤ በራሱ የሚቆለፍበትንም ጊዜ ወደ 1 ደቂቃ ያሳጥሩታል፤ ከዚያ በኋላ ከውይይቶቹ ዝርዝር በላይ የምትታየውን ትንሽ የቁልፍ ምልክት በመንካት ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት በቅጽበት መቆለፍ ይችላሉ። ሲግናል የሚጠቀሙ ከሆነም «ስክሪን ሎክ» የሚል ተመሳሳይ ነገር አለው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ዋትስአፕ የጣት አሻራ ሲጠይቅ «ይህ የባለቤቱ ጣት ነውን?» ብሎ አይመረምርም፤ ስልኩን «ይህ ጣት ተመዝግቧልን?» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ። በስልክዎ ላይ የተመዘገበ ማንኛውም ጣት ይከፍተዋል ማለት ነው። እኔ ስልኬን በገዛሁ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሙዚቃ እንዲጭንልኝ ብዬ አውራ ጣቱን አስመዝግቤ ነበር፤ ይህንንም ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። አንድ ቀን መኪና እየነዳሁ ሳለ «ማን እንደጻፈልኝ እይልኝ» ስለው፣ ተቆልፏል ያልኩትን ዋትስአፕ በራሱ ጣት ከፍቶ አነበበልኝ። እሱም አልገረመው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ የሚከፈት ነው የመሰለው። በአይፎንም ፊትዎን መለየት ሲያቅተው የስልኩን ኮድ ይጠይቃል፤ ልጆችዎ ለጨዋታ ብለው የስልኩን ኮድ የሚያውቁ ከሆነ የዋትስአፑን ቁልፍም ያውቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የተመዘገቡትን ጣቶች ይፈትሹ፣ የማያስታውሱትን ይሰርዙ፣ የስልኩን ኮድም ይቀይሩ። የቴሌግራም ኮድ ከስልኩ ኮድ የተለየ መሆን መቻሉ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሁለቱን አንድ ካደረጉት ግን ጥቅሙን አጡት። በቴሌግራም ላይ በጣት አሻራ መክፈትን ከፈቀዱም ወደዚያው የተመዘገቡ ጣቶች ጉዳይ ተመለሱ።

የስልኩን ኮድ ከቤተሰብ መደበቅ የማይቻልበት ቤት አለ፤ ያንን እረዳለሁ። እንዲህ ላለው ሁኔታ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2023 «ቻት ሎክ» የሚል ነገር አምጥቷል፤ አፑን ሁሉ ሳይሆን የመረጡትን ውይይት ብቻ ለይቶ ወደ ተቆለፈ ክፍል ያስገባል፣ ከእነዚህ ውይይቶች የሚመጣውን መልእክትም በማሳወቂያ ላይ አያሳይም። ይህም ቢሆን መጀመሪያ ላይ የሚከፈተው በዚያው በስልኩ ቁልፍ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ግን ከስልኩ ኮድ የተለየ የምስጢር ኮድ ማውጣት ተቻለ፤ ያንን ኮድ ካወጡ በኋላ የተቆለፈው ክፍል ራሱ ከዝርዝሩ እንዳይታይ ማድረግ ይችላሉ፤ የሚያገኙትም በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ኮዱን ሲጽፉ ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ ለእርስዎ ይስማማል ብዬ የማስበው ይህንን ነው።

ማሳወቂያን በተመለከተ አጭር ልሁን። አፑ ተቆልፎም መልእክቱ በስክሪኑ አናት ላይ ብቅ ካለ መቆለፉ ትርጉም የለውም፤ እኔ ይህን የተማርኩት በስብሰባ ላይ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ሳላስቀምጥ በቀረሁበት ቀን ነው፤ ምን እንደተጻፈ መናገር አያስፈልግም። በአንድሮይድ ዋትስአፕ ላይ ከ«አፕ ሎክ» ሥር የመልእክቱ ይዘት በማሳወቂያ ላይ ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ምርጫ አለ፤ ያጥፉት። በአይፎን ከማሳወቂያ ሴቲንግ ውስጥ «ሾው ፕሪቪውስ» የሚለውን ስልኩ ሲከፈት ብቻ እንዲያሳይ፣ ወይም ልጆች የተከፈተውን ስልክ ስለሚይዙት ከነጭራሹ እንዳያሳይ ያድርጉት። የዋትስአፕ ጥሪ አፑ ተቆልፎም ቢሆን መነሳት እንደሚችል ልብ ይበሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተቴ ልምጣ። በቀድሞ የሥራ ቦታዬ በነበረ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ለማውረድ ብዬ ዋትስአፕንም ቴሌግራምንም ከፍቼ ነበር። ፋይሉን አውርጄ የብራውዘሩን ገጽ ዘጋሁት፤ መዝጋት ግን መውጣት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሥራ ቀየርኩ፤ በስልኬም ላይ ቁልፉን፣ ኮዱን፣ የማሳወቂያውን ምርጫ ሁሉ አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ በደኅንነቴም ኮራሁ። ከወራት በኋላ አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ ደውላ፣ በጣም በጨዋ አነጋገር፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ አላነበብኩም፤ ነገር ግን መልእክቶችህ እዚህ እየመጡ ነው» አለችኝ። በስልኬ ላይ ያለው ቁልፍ የስልኬን በር ብቻ እንደሚዘጋ ያን ቀን ነው በሚገባ የገባኝ። ዋትስአፕ ከስልክዎ ሌላ እስከ 4 የሚደርሱ መሣሪያዎችን እንዲያገናኙ ይፈቅዳል፤ እነዚህም መሣሪያዎች ስልክዎ ቢጠፋም ባይጠፋም በራሳቸው መልእክት ይቀበላሉ። ስልኩ ለ14 ቀን ያህል ሥራ ላይ ካልዋለ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ነገር ግን ስልኩን በየቀኑ ለሚጠቀም እንደ እኔና እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይህ ገደብ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ በዋትስአፕ «ሊንክድ ዲቫይስስ»፣ በቴሌግራም «ዲቫይስስ» የሚለውን ዛሬውኑ ከፍተው ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ የማያውቁትን መሣሪያ ያስወጡ፤ በቴሌግራም ከያዙት ስልክ በስተቀር ሌላውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስወጣም ምርጫ አለ። እኔ በየወሩ አንድ ጊዜ እፈትሻለሁ። በቤት ውስጥ ያለ የጋራ ላፕቶፕ ላይ ቴሌግራም ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ በስልኩ ላይ ያወጡት ኮድ ወደ ላፕቶፑ እንደማይሻገር ይወቁ፤ እዚያ ለብቻው ማውጣት ይኖርብዎታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ስልክዎን ከመቆለፍ ይልቅ ስልክዎን ለደቂቃ የያዘ ሰው የራሱን ኮምፒውተር ከእርስዎ ዋትስአፕ ጋር እንዳያገናኝ መከልከል ይበልጥ ይጠቅማል። አፑ ከተቆለፈ ይህን ማድረግ ስለማይችል፣ የ«አፕ ሎክ» ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ይኸው ነው፤ አንድ ሰው መልእክትዎን ለአንድ ደቂቃ ቢያነብ ያው ለአንድ ደቂቃ ነው፣ መሣሪያ ካገናኘ ግን እስኪያዩት ድረስ ሁልጊዜ ያነባል።

ፎቶና ቪዲዮም አለ። በዋትስአፕ የሚላክልዎ ምስል በስልኩ ጋለሪ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ልጆችዎ አፑን ሳይነኩ ያዩታል። በአንድሮይድ ከ«ቻትስ» ሥር «ሚዲያ ቪዚቢሊቲ» የሚለውን፣ በአይፎን ወደ ፎቶ ማስቀመጫው በራሱ እንዲያስገባ የሚያዘውን፣ በቴሌግራም ደግሞ «ሴቭ ቱ ጋለሪ» የሚለውን ያጥፉ፤ ከዚህ በፊት የተቀመጡትን ግን ራስዎ ማጥራት አለብዎ።

አንድ አባል የቴሌግራምን ፓስኮድና «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን እንደ አንድ ነገር አድርገው ስለጻፉ ላስተካክል። ፓስኮዱ በአንድ መሣሪያ ላይ ያለ የአፑ ቁልፍ ነው። ቱ ስቴፕ የሚባለው ግን አካውንቱን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት በኤስኤምኤስ ወይም በሌላ መንገድ ከሚመጣው ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል ነው፤ በዋትስአፕ ባለ 6 አኃዝ ፒን ነው። ስልክዎን ለመደወል የወሰደ ሰው የሚመጣውን የኤስኤምኤስ ኮድ አይቶ አካውንትዎን በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት ይችላል፤ ይህን የሚከለክለው ፓስኮድ ሳይሆን ቱ ስቴፕ ስለሆነ ሁለቱንም ያብሩ፤ የመጠባበቂያ ኢሜይልም ያስገቡ። የረሱ እንደሆነ መዘዙም የተለያየ ነው። የቴሌግራምን ፓስኮድ የረሳ ሰው ያለው መንገድ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብቻ ነው፤ ተራዎቹ ውይይቶች በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ይመለሳሉ፣ «ሲክሬት ቻት» የሚባሉት ግን በመሣሪያው ላይ ብቻ ስላሉ ለዘለዓለም ይጠፋሉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ከአንድ ወዳጄ ጋር የተለዋወጥነውን የብዙ ጊዜ ጽሑፍ አጥቻለሁ፤ ኮዱን አጥብቄ የደበቅኩት ከራሴ ሆኖ ቀረ።

ስልክዎ አዲስ ከሆነ ከአፖቹ ቁልፍ ሌላ ስልኩ ራሱ ያዘጋጀው ሊኖር ይችላል። አይኦኤስ 18 ያለው አይፎን የአፑን ምልክት ትንሽ ተጭነው ሲይዙ ማንኛውንም አፕ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በፊት መለያ እንዲከፈት ማድረግ ወይም መደበቅ ያስችላል፤ አንድሮይድ 15 ባላቸው አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ «ፕራይቬት ስፔስ» የሚል የተለየ ክፍል አለ፣ የራሱንም የተለየ ኮድ ይቀበላል። አንዳንድ የአንድሮይድ ስልክ አምራቾችም ከዚያ በፊት ጀምሮ የራሳቸውን መቆለፊያ ከስልኩ ጋር ያቀርባሉ፤ ከውጭ ከሚጫነው ይልቅ እነዚህ ይታመናሉ።

ስለ ልጆቹ ጨዋታ ግን ከመቆለፍ የቀለለ ዘዴ አለ። በአይፎን «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ጋይድድ አክሰስ» የሚለውን አብርተው ለእሱ ብቻ የሚሆን ኮድ ያውጡ፤ ከዚያ ጨዋታውን ከፍተው የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሲጫኑ ስልኩ ያንን ጨዋታ ብቻ ይዞ ይቆያል፣ ልጁ ቢሞክርም ወደ ሌላ አፕ መውጣት አይችልም። በአንድሮይድ «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሲያበሩት ከመውጣት በፊት ኮድ ይጠይቅ የሚለውንም ምልክት ማድረግዎን አይርሱ፣ አለዚያ ልጁ ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ ተጭኖ ወይም ጣቱን ከታች ወደ ላይ ስቦ ይወጣል። የእህቴ ልጅ እስካሁን ያላለፈው ይህንን ብቻ ነው።