የሆኪ ትኬት ከየት ነው የሚቆረጠው?

ሰላም ወንድሜ፣ ሰላም ለቤቱ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ፓኪስታን በሜዳ ሆኪ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅና አራት የዓለም ዋንጫ አላት። ታዲያ አሁን የት ገባች? ቡድኖች የሚያልፉት በደረጃ ነው ወይስ በማጣሪያ? እንግሊዝስ ለምን አንዴ እንግሊዝ፣ አንዴ ታላቋ ብሪታንያ ትሆናለች?» ነው ያልከው። ሦስቱም ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ተጫዋች አልነበርኩም። ለዓመታት በአማተር ውድድሮች ላይ የሜዳው ዳር ጠረጴዛ ጋ ተቀምጬ ጎል፣ ካርድና ቅያሪ ስመዘግብ ነው የኖርኩት። ከዚያ የተረፈኝ ልማድ አለ። የማጣሪያ ሰሞን ደብተር አወጣና ማን ማንን ቢያሸንፍ ማን እንደሚያልፍ እደምራለሁ። ስሳሳትም ብዙ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ለማመሳከር እንዲመችህ።

አጭሩ መልስ፦ በማጣሪያ ነው። የዓለም ደረጃ በቀጥታ የሚያሳልፈው ከስንት አንዴ ነው። ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ የኦሽንያው ውድድር ሲሰረዝ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በደረጃቸው ገብተዋል። እንዲህ ያለው ግን ነገር ሲበላሽ የሚመጣ መፍትሔ ነው።

የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ እንይ። ኦሎምፒክ ላይ በወንድም በሴትም 12 ቡድን ብቻ ነው የሚገባው። አንዱ ቦታ የአስተናጋጅ ነው፤ ፈረንሳይ ወሰደችው። አምስቱ የአምስቱ አህጉራት ሻምፒዮኖች ናቸው። አውሮፓ በራሱ ዋንጫ፣ እስያ በሃንግዡው የእስያ ጨዋታዎች፣ አሜሪካዎቹ በሳንቲያጎው የፓን አሜሪካ ጨዋታዎች፣ አፍሪካና ኦሽንያም በየራሳቸው ውድድር ሻምፒዮን አወጡ። የቀሩት ስድስት ቦታዎች በጥር 2024 በማጣሪያ ተሞሉ። ወንዶቹ በቫሌንሲያና በሙስካት፣ ሴቶቹ በቫሌንሲያና በሕንዷ ራንቺ ተጫወቱ። በእያንዳንዱ ከተማ ስምንት ቡድን ይገባል፣ ሦስት ያልፋል። አራተኛ የወጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። በሌላው ውድድር የሚያስጨንቀው ፍጻሜው ነው። በሆኪ ማጣሪያ ግን ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ትኬታቸውን በግማሽ ፍጻሜው ስለቆረጡ ዘና ብለው ይጫወታሉ። ደም የሚፈላው የሦስተኛ ደረጃው ጨዋታ ላይ ነው። ማጣሪያ ልታይ ከሆነ እሱን እንዳያመልጥህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ለብዙ ጊዜ የተሸወድኩት የአስተናጋጁን ቦታ ንቄ ስለማልፍ ነው። «አስተናጋጅ በቀጥታ ያልፋል» ብለህ ካለፍከው ግማሹ ስሌት ያመልጥሃል። መጠየቅ ያለብህ፣ አስተናጋጁ የአህጉሩንም ዋንጫ ቢወስድ ትርፉ ቦታ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ነው።

ቶኪዮን ውሰድ። ጃፓን አስተናጋጅ ናት፣ ቦታዋ የተያዘ ነው። በ2018 የእስያ ጨዋታዎች ደግሞ የጃፓን ወንዶችም ሴቶችም ወርቅ ወሰዱ። በሁለቱም! የእስያ ሻምፒዮን ትኬት ለብር ባለቤቷ ይተላለፋል ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በሴቶቹ ፍጻሜ ጃፓን ያሸነፈችው ሕንድን ስለነበር «የሕንድ ሴቶች አልፈዋል» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ተሸወድኩ። ቦታው ለሁለተኛዋ አልተሰጠም፣ ወደ ጋራው ማጣሪያ ነው የተመለሰው። ስድስት መሆን የነበረበት የማጣሪያ ትኬት ሰባት ሆነ። ሕንድም እንደማንም ተሰልፋ መጫወት ነበረባት።

የዚያ ጊዜው ማጣሪያ አሠራሩም የተለየ ነበር። 14 ቡድኖች ሁለት ሁለት ሆነው ተደለደሉ። ሁለት ጨዋታ፣ በአንድ ሜዳ፣ በተከታታይ ቀን። የሁለቱ ድምር ነው የሚቆጠረው። የሕንድ ሴቶች ቡባነሽዋር ላይ አሜሪካን በመጀመሪያው ቀን 5 ለ 1 አሸነፉ። አለቀ ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። በማግስቱ አሜሪካኖቹ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ አራት አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። በ48ኛው ደቂቃ አምበሏ ራኒ ራምፓል አንድ ባታገባ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ሕንድ በድምር 6 ለ 5 አለፈች። ቶኪዮ ላይም አራተኛ ወጣች።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። በራንቺው ማጣሪያ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች አንድ ምድብ ውስጥ ተገናኙ፣ አሜሪካ 1 ለ 0 ረታች። ሕንድ በግማሽ ፍጻሜ በመለያ ምት በጀርመን ተሸነፈች። ለሦስተኛ ደረጃ ከጃፓን ጋር ገጠመች፣ እሱንም 1 ለ 0። በራሷ ሜዳ፣ በራሷ ደጋፊ ፊት ቀረች። በፊተኛው ኦሎምፒክ ከዓለም አራተኛ የነበረ ቡድን ማለት ነው።

መለያ ምት ስል እንደ እግር ኳሱ እንዳይመስልህ። በሆኪ አጥቂው ከ23 ሜትሩ መስመር ኳሷን ይዞ ይነሳል፣ ከግብ ጠባቂው ጋር አንድ ለአንድ፣ በ8 ሰከንድ ውስጥ ማግባት አለበት። ስምንት ሰከንድ በቴሌቪዥን ሲያዩት አጭር ነው፤ ሰዓቱን ለሚይዝ ሰው ግን አያልቅም።

የአየርላንድ ወንዶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በ2019ኙ የቶኪዮ ማጣሪያ ቫንኩቨር ላይ ካናዳን በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 አሸነፉ። በሁለተኛው 2 ለ 1 እየተመሩም ቢሆን በድምር ቀድመዋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ካናዳዎች የቪዲዮ ዳኛ ጠየቁ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ገባ። ድምሩ 6 ለ 6። በመለያ ምት ካናዳ አለፈች። እኔ በበኩሌ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ዘመድ የለኝም እዚያ! ሳምንት ሳይሞላ የአየርላንድ ሴቶች ደብሊን ላይ ከዚያችው ካናዳ ጋር ሁለቱንም ጨዋታ 0 ለ 0 ጨርሰው በመለያ ምት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገቡ። ወንዶቹ ለፓሪስ ያለፉት በቫሌንሲያው የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ ኮሪያን 4 ለ 3 አሸንፈው ነው።

እሺ፣ ወደ ፓኪስታንህ ልምጣ።

ፓኪስታን ሪዮም፣ ቶኪዮም፣ ፓሪስም የለችም። የቶኪዮው ላይ ነው ደረጃ የሚገባው። ደረጃ ትኬት አይሰጥህም፣ ግን ከማን ጋር እንደምትደለደል ይወስናል። ፓኪስታን በ2019 መጀመሪያ ላይ ለፕሮ ሊግ፣ ማለትም ለምርጥ ብሔራዊ ቡድኖች ሊግ፣ ጨዋታዎቿ ሳትሄድ ቀርታ ከሊጉ ወጣች። ካልተጫወትክ ነጥብ የለህም። ደረጃዋ ወርዶ ስለነበር ድልድሉ ላይ ኔዘርላንድስ ደረሰቻት፣ ያውም በራሷ ሜዳ፣ አምስተልቬን ላይ። መጀመሪያውን 4 ለ 4 ወጡ፣ ጉድ ተባለ። በማግስቱ 6 ለ 1 ተሸነፉ። ለፓሪስ ሙስካት ላይ ለሦስተኛ ደረጃ ደርሰው በኒውዚላንድ 3 ለ 2 ቀሩ። በአንድ ጎል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። የዓለም ዋንጫ ከ2018 ጀምሮ 16 ቡድን ነው የሚይዘው፣ ሰፋ ይላል። ለእስያ ማጣሪያ የነበረው በ2022 ጃካርታ ላይ የተደረገው የእስያ ዋንጫ ነበር። ሕንድ የዓለም ዋንጫው አስተናጋጅ ስለሆነች ትኬት አያስፈልጋትም፤ ብዙ ወጣቶችን ይዛ ነው የሄደችው። ከእሷ ውጪ ላሉት ለሦስቱ የተሻሉ ቦታ አለ። አየህ፣ እንደገና የአስተናጋጁ ጉዳይ።

በምድቡ የመጨረሻ ቀን ፓኪስታን ከጃፓን ገጠመች። ፓኪስታን አንድ ጎል አገባች፣ ደስታ ሆነ። ከዚያ ዳኞቹ ቆጠሩ። ሜዳው ላይ የፓኪስታን ተጫዋቾች 12 ናቸው። ጎሉ ተሰረዘ። ጨዋታው 3 ለ 2 በጃፓን አሸናፊነት አለቀ።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት አሥራ ሁለተኛ ሰው ይገባል?» ብሎ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። በሆኪ ቅያሪ ልክ የለውም። ጨዋታው አይቆምም፣ ዳኛም አይጠየቅም። የሚቀየረው በመሃል መስመሩ አካባቢ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ መውጣቱ መቅደም አለበት። በአንድ ጨዋታ ይህ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይደረጋል። አንድ ጊዜ እኔ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ አሥራ ሁለተኛ ሰው ሲገባ ሳላይ ቀርቻለሁ። ካርድ ስጽፍ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ቀና ስል አንዱ ወንበር ላይ መቀመጥ ያለበት ልጅ ሜዳ ውስጥ ይሮጣል። ጎል ስላልገባ በግልምጫ ታለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው ሜዳውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ወንበሩ ላይ ያሉት ቁጭ ስለሚሉ አይሳሳቱም።

በዚያው ቀን ሕንድ ከኢንዶኔዥያ ጋር ቀርቷት ነበር። ሕንድና ፓኪስታን እርስ በርስ 1 ለ 1 ወጥተዋል፤ ሁለቱም በጃፓን ተሸንፈዋል። ነጥብ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ያሸነፍከው የጨዋታ ብዛት ነው፣ ቀጥሎ የጎል ልዩነት። ፓኪስታን ኢንዶኔዥያን 13 ለ 0 ስላሸነፈች ልዩነቷ 12 ደርሷል። ሕንድ ሦስት ጎል ከስራለች። ስለዚህ ቢያንስ 15 ጎል ያስፈልጋታል። ለማንም የማይመስል ነገር ነው። ሕንድ 16 አገባች። 16 ለ 0። ልዩነቷ 13 ሆነ፣ ፓኪስታን በአንድ ጎል ከምድቡ ወጣች። የዓለም ዋንጫው ትኬት ለኮሪያ፣ ለማሌዥያና ለጃፓን ሆነ። ትኬት የማያስፈልጋት ቡድን ናት የጣለቻት።

የ2026ቱ በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ነው፣ አሁንም 16 ቡድን። ሁለቱ አስተናጋጆች፣ አምስቱ የአህጉር ሻምፒዮኖች፣ ሁለት ቦታ በፕሮ ሊግ በኩል፣ የቀረው ሰባት በማጣሪያ። የፕሮ ሊጉ በር አዲስ ስለሆነ ሊግ ውስጥ መኖር ራሱ ዋጋ አግኝቷል። ወደዚያ የሚያስገባው ከሊጉ በታች ያለው ውድድር፣ የኔሽንስ ካፕ፣ ዋንጫ ነው። በ2025 ኒውዚላንድ ፓኪስታንን በፍጻሜ 6 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፣ ሊጉን ግን አልፈልግም አለች። ቦታው ለፓኪስታን ደረሰ። ጉዞው ብዙ ወጪ ስላለው ሁሉም አይጓጓለትም።

ትኬት አልፈልግም ማለት ኦሎምፒክ ላይም ተደርጓል። ደቡብ አፍሪካ ለሪዮ በአፍሪካ ሻምፒዮንነት በሁለቱም ፆታ አልፋ ነበር። የራሷ የኦሎምፒክ ኮሚቴ «አፍሪካን ማሸነፍ ብቻ አይበቃም» ብሎ አልላከም። በወንዶቹ ፋንታ ኒውዚላንድ፣ በሴቶቹ ፋንታ ስፔን ሄዱ። ተጫዋቾቹን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል። ያሸነፉትን ነገር ነው በር ላይ የተነጠቁት።

እንግሊዝን ረስቼ አይደለም። በዓለም ዋንጫና በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ለየብቻ ናቸው። ኦሎምፒክ ላይ ግን አንድ ቡድን ናቸው፣ ታላቋ ብሪታንያ። ታዲያ በአውሮፓ ዋንጫ የጋራ ቡድን ስለሌለ የኦሎምፒኩን ትኬት የምታሳድድላቸው እንግሊዝ ናት። በ2023 እንግሊዝ በወንዶቹ የአውሮፓ ፍጻሜ በኔዘርላንድስ 2 ለ 1 ተሸነፈች፣ ቀጥታው ትኬት አመለጠ። ስለዚህ ሙስካት የተገኘው ማልያ የታላቋ ብሪታንያ ነበር፣ እዚያም አለፈ። በ2023 ጥር ላይ፣ በሕንዱ የዓለም ዋንጫ፣ እንግሊዝ ዌልስን 5 ለ 0 ቀጥታ ነበር። የዚያን ቀን ተፋጥጠው የተጫወቱ ልጆች ኦሎምፒክ ላይ አንድ ማልያ መልበስ ይችላሉ።