«ልጄ ዝም አለብኝ»

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንዲት ወጣት ነርስ ማኪያቶ ጋበዘችኝ። ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ ነው፤ የመደቧት ሕፃናት ክፍል ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ሲስተር፣ እናትየዋ ‹ልጄ ተለየብኝ› ትለኛለች። ስለካው ሁሉም ደህና ነው። ተረኛውን ሐኪም ልቀስቅሰው ወይስ ልተወው?»

መልስ አጣሁ። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም አልኩ። እሷ የነገ ተራዋን ታስባለች፤ እኔ 1986 ዓ.ም. ክረምት ውስጥ ነበርኩ። መልሱን እዚህ ልጻፈው። ለእሷም፣ ለመሰሎቿም።

ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መሃል አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ክረምት ሲገባ የሕፃናት ዋርድ በሳል ይሞላል፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ልጅ የምናስተኛበት ጊዜ ነበር። ለዚያ ሁሉ ልጅ ሁለት ነርሶች ነበርን። ጓደኛዬ ቡና በፔርሙስ ይዛ ትመጣ ነበር፤ የዚያ ቡና ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ልጁ 14 ወሩ ነው። የያዘው የሳንባ ምች ነው። እናቱ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ «ማሙሽ» ትለዋለች። አንድ ልማድ ነበረው። የነጠላዋን ጥለት በጣቶቹ ጨብጦ ነው የሚተኛው። ነጭ ጋዋን ሲያይ ጥለቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ትንፋሹን ስቆጥር 52 ነበር። በዚያ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ጻፍኩ፤ መርፌውን ወጋሁት፤ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እናቱ መጣች። «ሲስተርዬ፣ ልጄ ዝም አለብኝ።»

«እሰይ! ተኛልሽ። ሲያለቅስ አይደል የዋለው?» አልኳት።

ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። «እግሩ በረደኝ። ጡትም አልይዝ አለ። ነጠላዬንም ለቀቀው።» ሄድኩ። ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ትኩሳቱ በርዷል። ቴርሞሜትሩ 37.2 አለ። ደስ አለኝ። «ተሽሎታል፣ ጋቢ ደርቢለት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም። ትንፋሹን አልቆጠርኩም። ቻርቱ ላይ ግን 48 ብዬ ጻፍኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ቀጣዩ ልጅ ደግሞ ግሉኮሱ ወልቆ ይጮሃል። በዚያ ላይ ተረኛው ሐኪም በትንሽ ነገር ከቀሰቀሱት የሚቆጣ ሰው ነበር። ልጁን ከመቁጠር የራሴን ልብ ማሳረፍ ቀለለኝ።

9 ሰዓት ላይ በአጠገቡ ሳልፍ አየሁት። በትንፋሹ ቁጥር ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ቆጠርኩ፤ 28። ቁጥሩ የወረደው ስለተሻለው አልነበረም። ጎኑን ማንሳት ስላቃተው ነው። ኦክስጅኑን ከወዲያኛው ክፍል እየጎተትን አመጣን። ሐኪሙም ሮጦ መጣ። 11 ሰዓት ላይ ማሙሽ አረፈ።

ሐኪሙ ቻርቱን አገላበጠ። «እስከ 6 ሰዓት እየተሻለው ነበር፤ ድንገት ነው» አለ። እኔ ዝም አልኩ። እናቱ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ስትነግረኝ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። እሷ ራሷ «ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እጅ መታጠብን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትን አልነግራችሁም። ትንፋሽ ቁጠሩ ነው የምላችሁ። አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ደረቱን እያያችሁ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዝ ያደርገዋል። እግሩን ዳስሱ። ጣቱን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከወሰደ ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም። የደም ግፊቱ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ሕፃን መጀመሪያ የልብ ምቱን እያፋጠነ ይታገላል። ግፊቱ የሚወርደው አቅሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ከሚያለቅስ ልጅ ይልቅ ማልቀስ ያቆመው ያስፈራኛል።

የዛሬ ልጆች፣ እውነቱን ልናገርና፣ ስክሪን ታምናላችሁ። ሞኒተሩን አይታችሁ ልጁን ሳታዩ ትወጣላችሁ። ደግሞ ያኔ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በእጄ ቢኖር ኖሮ፣ ማሙሽን 6 ሰዓት ላይ እደርስለት ነበር ብዬ ስንቴ አስቤያለሁ። ስልክ በተረኝነት ሰዓት አልወድም፤ ለመቁጠሪያ ግን አውጡት፣ ሴኮንድ አለው።

ነጥብ የሚሰጥባቸው ቅጾችም መጥተዋል። የልጁን ሁኔታ፣ የደም ዝውውሩንና ትንፋሹን ደምሮ «አሁን ጥሪ» የሚል። መልካም ነው፤ ለፈሪ ነርስ ድፍረት ይሰጣል። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዲህ ያለውን ቅጽ በ7 አገሮች ባሉ 21 ሆስፒታሎች ሞክሮት ነበር። የሞቱን ቁጥር ጎላ አድርጎ አልቀነሰውም። አይገርመኝም። የኔን 48 ቅጹ ላይ ብትሞሉት ምን ይላችኋል? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ «የማርታ ደንብ» የሚሉትን አምጥተዋል፤ ወላጅ ልጁ ከባሰበት ሌላ ቡድን መጥቶ እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። እኛ ጋ ያቺን እናት የሚሰማት ያው ተረኛዋ ነርስ ናት።

እና የኔ ልጅ፣ ቀስቅሺው። ቢቆጣም ይቆጣ። ደውለሽ «ቁጥሩ ደህና ነው፣ እናቱ ግን ተለየብኝ ትላለች፤ መጥተህ እየው» በይ። አሥር ጊዜ ጠርተሽ ዘጠኙ ባዶ ቢሆን ምንም አይደለም።

ማኪያቶውን ጠጥተን ስንለያይ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ከዓመታት በኋላ እዚያው አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ የማሙሽን እናት አገኘኋት። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷ ግን ለየችኝ። «ሲስተርዬ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ረዳቱ ሂሳብ ሲል እጄን ያዘችና «የእሷንም ከዚህ ውሰድ» አለችው። 48ቱን ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከእኔ ቀድማ ወረደች።