«ድምፅ አጥንቶ ማን በላ?»

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ የሦስተኛ ዓመት የሥነ ልሳን ተማሪ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የቤት ኪራይሽን የሚከፍሉት አጎትሽ «ድምፅ አጥንቶ ማን በላ? ወደ አካውንቲንግ ተዛወሪ» ብለውሻል። አንቺ ግን ልብሽ ያለው ፎነቲክስ፣ ማለትም የንግግር ድምፆች ጥናት ላይ ነው።

አጎትሽ ስለሚከፍሉ ሊመሰገኑ ይገባል፤ የመጠየቅ መብትም አላቸው። ነገር ግን ሦስት ዓመት የከፈሉበትን ትምህርት አስጥሎ እንደ አዲስ ማስጀመር ለማንም አያዋጣም። በአካውንቲንግ ተመርቀው ሲቪ ይዘው የሚዞሩ የሰፈር ልጆችን ይጠይቁ።

ክርክሩን ተዪውና አሳያቸው። «ዋና» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ቅጂ፦ አንዴ ሐይቁ ውስጥ እንደሚዋኘው አላልተሽ፣ አንዴ እንደ «ዋና ከተማ» አጥብቀሽ። ከዚያ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ቦርስማና ዌኒንክ በሠሩት፣ በነፃ በሚገኘው ፕራት (Praat) በተባለ የድምፅ መመርመሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፈቺው። የጠበቀው «ን» ረዝሞ በዓይን ይታያል። ፊደላችን ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ታዲያ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር የቱ እንደሆነ በምን ይወቅ? የሚያስተምረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ይከፈለዋል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ሲጻፍ ጥብቀቱን በድርብ ፊደል ያሳያል። አንቺ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሽ አድገሻል፤ እንዲህ ያለ ጆሮ በገንዘብ ተገዝቶ አይገኝም።

ሌላም አለ። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ በቀዶ ሕክምና ስንጥቁ ይገጠምለታል፤ የለመደውን የተሳሳተ አነጋገር የሚያርምለት ግን ልምምድ ነው። ተጨማሪ ሥልጠና ቢጠይቅም፣ በአገራችን ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ናቸው።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ራዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቆርጥ ስቀጥል ኖሬያለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በጆሮዬ ነው። ስለዚህ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ጎን ለጎን ድምፅ ቀረጻንና ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልመጂ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በሲዳሙ አፎ ጥብቀት ላይ ሥሪው። ቅጂዎችሽን በ44.1 ኪሎ ኸርዝ የናሙና መጠን፣ ድምፁን ሳያምቅ በሚይዝ በዋቭ (WAV) ፋይል አስቀምጪ፤ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንዳትሰበስቢ፣ ሲታመቅ ጥቃቅኑን ይበላዋል።

ደካማ ነው ብለሽ የሠጋሽበት እንግሊዝኛሽ በንባብ ይስተካከላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ለሁለተኛ ዲግሪ ትደርሺበታለሽ።

አጎትሽ ለበዓል ሲመጡ ስልክሽን አቅርቢላቸው፤ «ዋና»ን እሳቸው ራሳቸው ይበሉት፣ የራሳቸውን ድምፅ ስክሪኑ ላይ ይዩት።