መልስ፦ ወረዳው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ያቅዳል ወይ?

እህቴ፣ ጎጃም ቡሬ ያሉት አያትሽና መራመድ የማይችለው አጎትሽ በወረዳው እቅድ ይታሰቡ እንደሆነ ጠይቀሻል። በሕግ ደረጃ፣ አዎ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ግን የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ነው። ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የድጋፍ ፕሮግራም ጉልበት ላለው ሥራ፣ ለሌለው ደግሞ ያለ ሥራ የሚከፈል ቀጥታ ድጋፍ አለው። ሁለተኛው ለእነሱ ልክ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ የታቀደው ምግብ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው። ጎጃም ደግሞ የጤፍና የበቆሎ አገር ነውና አብዛኛው ወረዳ "ትርፍ አምራች" ተብሎ ይታለፋል። አልጋ ላይ የዋሉ አያት ምን ትርፍ እንደሚያመርቱ እንጃ!

ይልቅ ቀበሌ ሄደሽ ማኅበራዊ ጉዳይ የያዘውን ሰው አግኚ። ሁለቱንም በስም አስመዝግቢ። የጉዳቱን ዓይነትም አስጽፊ፤ "አቅመ ደካማ" ብሎ ብቻ ማለፍ ለክራንችም ለዊልቸርም አይጠቅምም። ስለ ጤና መድንም ጠይቂ። ለመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው በቀበሌው ከተለዩ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

ጊዜውን አደራ። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ እቅዱ ግን ቀደም ብሎ ነው የሚሠራው። እኔ የአባቴን ጉዳይ ይዤ ነሐሴ ላይ ሄድኩና "ለከርሞ ና" ተባልኩ። አንቺ ከፋሲካ በኋላ ብዙ አትቆዪ።