ቋንቋ ለሚፈጥር ወጣት

ልጄ፣ «ሦስት ሦስት ተነባቢ በኮምፒውተር እያገጣጠምኩ 800 ሥር፣ እንደ ሰበረ ስ-ብ-ር ያለ የግሥ አጥንት፣ ሠራሁ፤ ቋንቋዬ ግን ሕይወት የለውም» ብለህ ጽፈህልኛል። ደብዳቤህ አንድ የድሮ ጓደኛዬን አስታወሰኝ።

ተማሪዎች ሳለን ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ማታ ማታ የራሱን ቋንቋ ይጽፍ ነበር። ቀን የግእዝና የዓረብኛ ሰዋስው ያነብባል፤ ሌሊት ደብተሩን ይዘረጋል። ገጹ በሦስት ዓምድ የተሰመረ ነው፤ ሥር፣ ያለፈ ጊዜ፣ የአሁን ጊዜ። አንድ ሌሊት በጉሮሮ ድምፅ የሚያልቅ ግሥ አስቸገረው። «ይህ ድምፅ ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ቆይቶ ጠፋ እንበል» አለኝ፤ «ግእዝ ሰምዐ ያለውን አማርኛ ሰማ እንዳለው።» ከዚያ ያን ድምፅ ከዓምዱ ሁሉ ላይ በላጲስ እየፈገፈገ አጠፋው፤ በጠፋበት ቦታ አናባቢውን እየለወጠ ግሦቹን አንድ በአንድ ጠገናቸው። ጠዋት ብርድ ልብሱ የላጲስ ፍርፋሪ ለብሶ ነበር። በዚያ ደብተር ከደንብ የወጣ ግሥ ሁሉ የወጣበት ምክንያት ነበረው።

አንድ መምህራችን ደብተሩን አንሥቶ ክፍሉን አሳቀበት፤ «ያሉትን ሳታውቅ የሌለ ትፈጥራለህ?» ብሎ። ልጁ ከዚያ ወዲያ አልጻፈም። ደብተሩ የት እንደገባ ሳልጠይቀው ተለያየን፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንተ ሥሮች የደረቁት ሁሉም ጤነኞች፣ አንድም ከደንብ የወጣ የሌለባቸው ስለሆኑ ነው። ደግሞም ተነባቢዎች እርስ በርስ ይመራረጣሉ። የቋንቋ ሊቁ ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1950 እ.ኤ.አ. የዓረብኛን ግሦች መርምሮ እንዳሳየው፣ የሥሩ አንደኛና ሁለተኛ ተነባቢ አንድ ዓይነት መሆንን ይሸሻሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ያለ ችግር ይደጋገማሉ። በእኛም ወደደ፣ ነደደ፣ ቀለለ ሞልቷል፤ ሰሰተን የመሰለ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። በዘፈቀደ የሚያገጣጥም ኮምፒውተር ይህን ከየት ያውቃል? እናንተ የዛሬ ልጆች ግን ላቡን ሁሉ ለማሽን ትሰጣላችሁ። እኔም ሰንጠረዦቼን የምደረድረው በእሱ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማጥበቅንም ረስተኸዋል፤ ፊደላችን ስለማያሳየው ይሆናል። ገደለና ፈለገ ሲያልፉ መካከላቸው እኩል ይጠብቃል። በአሁን ጊዜ ግን ይገድላል ላልቶ ይፈልጋል እንደጠበቀ ይቀራል። በአካድኛ፣ በጥንቱ የሜሶፖታሚያ ሴማዊ ቋንቋ፣ ደግሞ ያለፈው ኢፕሩስ («ለየ») የአሁኑ ኢፓርራስ («ይለያል») ነው፤ ጊዜውን ከሚለዩት አንዱ የመካከለኛው ተነባቢ መጥበቅ ነው። ካንተ 800 ሥሮች አንዱ እንኳ ሲጠብቅ አላየሁም።

ፊደል መሳሉን ለጊዜው ተወው። ሁላችሁም ከፊደል ትጀምራላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬም የጀመረው ከዚያው ነበር፤ የሱ ፊደል ግን ያምር ነበር። አንተ አሁን አንድ ተነባቢ ምረጥና ግደለው። እሱ ያለባቸውን ግሦች ሁሉ አስተካክልና ሰንጠረዡን ላክልኝ፤ እያንዳንዱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በጎኑ ጻፍበት።